ጃታኒ ያስታረቀው ኤክስካቫተር

ነገሌ ውስጥ ኤክስካቫተር ቆመ ከተባለ መጀመሪያ የሚጠራው ጃታኒ ነው። ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረው እንዳይመስላችሁ! ሻኪሶ ወርቅ ቁፋሮው ላይ ግሪስ ሲቀባ ከርሞ፣ አንዱ መካኒክ ጥሎት የሄደውን የብልሽት ኮድ ማንበቢያ አንስቶ፣ እየነካካ፣ እያበላሸ፣ እየተሰደበ ነው የለመደው። ወደዚህ የሚመጡት ማሽኖች ጉልበታቸውን ሌላ አገር ጨርሰው የመጡ ናቸው። የአንዳንዱ ስክሪን ጭራሽ በማይነበብ ፊደል ነው የሚጽፈው። ጃታኒ ግን ማንበቢያውን ይሰካና ቁጥሩን አይቶ፣ “ይሄ የዘይት ሙቀት ነው፣ ያኛው የፓምፕ ነው” ይላል። ብዙም አይስትም።

አንድ አመል ግን ነበረው። ያገለገለ ማሽን ሴንሰሩ ቶሎ ይሞታል፤ ምንም ሳይሆን “ታመምኩ” ብሎ መብራት ያበራል፣ ኮምፒውተሩም ደንግጦ ሞተሩን ያዳክመዋል። አዲስ ሴንሰር ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንት ነው። ባለ ማሽኑ ደግሞ እንኳን ሳምንት አንድ ሰዓት አይታገስም። ስለዚህ ጃታኒ የሴንሰሩን ሁለት ገመዶች ቆርጦ እርስ በርስ ያስራቸዋል፤ ኮምፒውተሩም ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ያምናል። ይህን ሥራውን “ማስታረቅ” ይለዋል። “ሽማግሌ ሆኜ አስታረቅኳቸው!” ሲል ጋራዡ በሳቅ ይፈርሳል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ?

በ2015 የካቲት መጨረሻ ላይ ስልኩ ጮኸ። የደወለው ሳሊም ነው፤ ከነገሌ ወደ ፊልቱ መንገድ ገባ ብሎ ለአንድ መንደር ኩሬ የሚቆፍር ኦፕሬተር።

“አካም ጃታኒ! ድረስልኝ፣ ማሽኑ ትንፋሽ አጥሮታል።”

ይሄ ኩሬ የዋዛ ኩሬ አልነበረም። አምስት ወቅት በተከታታይ ዝናብ ቀርቷል። የመንደሩ ሽማግሌ ኦቦ ዳዳቻ ሰማንያ ከብት ነበራቸው፤ የተረፏቸው አሥራ አንድ ናቸው፤ እነሱንም ጠዋት ጠዋት ሰው በጅራትና በቀንድ ይዞ ካላነሳቸው አይቆሙም። ዘንድሮ ግን ደመናው መሰብሰብ ጀምሯል። ዝናቡ ሲመጣ የሚይዘው ነገር ካልተገኘ ጎርፉ በአንድ ቀን ወደ ገናሌ ወንዝ ወርዶ ያልቃል። የኩሬው ጉድጓድ አልቋል። የቀረው ውሃውን የሚያቆመው የታችኛው ግድብ ብቻ ነው፤ ለማሽን የሁለት ቀን ሥራ።

ጃታኒ ደረሰና ማንበቢያውን ሰካ። ኮዱ የናፍጣ ግፊት ወርዷል ይላል። ይሄ ከፓምፕም ሊመጣ ይችላል፣ ከፊልትሮም፣ ናፍጣ ውስጥ ከገባ ውሃም። ጃታኒ ቀና ብሎ ናፍጣ ውስጥ ውሃ ሲገባ የሚበራውን መብራት አየ። አልበራም።

“ውሃ አይደለም። ሴንሰሩ ነው የሚቀባጥረው” አለ። ኮዱን አጠፋና፣ “በል አስነሳው፣ ጉልበት ስጠው!” አለው ሳሊምን።

ሞተሩ ተነሳ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ኦቦ ዳዳቻም እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ማሽኑ ሦስቴ አፈር ዝቆ ከመረ። ከዚያ ከሆዱ ብረት በመዶሻ የሚቀጠቀጥ የሚመስል ድምፅ ወጣና ቀጥ አለ። ቢሞክሩት ቢሞክሩት፣ ወይ ፍንክች።

ጃታኒ ተንበርክኮ የፊልትሮውን ታች ፈታው። የፈሰሰው ኩልል ያለ ውሃ ነው! አንዲት ፍየል ሮጣ መጥታ አሸተተችና አፍንጫዋን ነፍታ ተመለሰች።

ሳሊም ደሙ ፈላ። ቦቴ እዚያ ድረስ አይገባም፤ ናፍጣውን ከመንገድ ዳር በየጄሪካኑ ተሸክመው የሚያመጡለት የመንደሩ ሴቶች ናቸው። የኦቦ ዳዳቻ ምራት ጉያቱ ላይ አፈጠጠባት።

“ናፍጣው ውስጥ ምን ጨመራችሁበት?”

“ኧረ ምንም! ጄሪካኑን ብቻ አለቅልቀን ነው የምንሞላው። ለእንግዳ ባልታጠበ ዕቃ ይሰጣል እንዴ?”

“በምን ነው የምታለቀልቁት?”

“በምን ይሁን ታዲያ? በውሃ ነዋ። ከልጆቹ መጠጥ ቀንሰን።”

ምን ትላላችሁ? ልጆቻቸው ጉሮሯቸው እየደረቀ ለማሽን ዕቃ ያጥባሉ። በየጄሪካኑ የቀረው ጉንጭ ጉንጭ ውሃ ተጠራቅሞ ሞተሩን በላው።

“ገደላችሁኝ! እናንተ ናችሁ የገደላችሁኝ!” ሳሊም ጮኸ። ጉያቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

ጃታኒ ግን አንድ ነገር አልገባው አለ። ይሄ ሁሉ ውሃ ሲገባ መብራቱ የት ሄዶ ነው? ማሽኑ ሥር ገብቶ ገመዱን በጣቱ ተከተለ። ሁለት ገመድ ሦስት ዙር ተጣምሮ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ በጥቁር ፕላስተር ታስሯል። በዚህ አገር እንዲህ አድርጎ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሻኪሶ ላይ ይሄንኑ ማሽን ሲያስታርቅ፣ ባለቤቱ ትከሻውን መታ መታ ያደረገው ትዝ አለው።

እዚያው ማሽኑ ሥር ተጋድሞ ቀረ። ዝም ቢል ማን ያውቃል? ሳሊም ገመድ አያይም። ጥፋቱ እንደሆነ ባለቤት አግኝቷል፤ ቆማ ታለቅሳለች።

ወጣና፣ “ሳሊም፣ ተዋት” አለ። “መብራቱ ቢኖር በመጀመሪያው ቀን ይነግርህ ነበር። ሻኪሶ ላይ ገመዱን አስሬ ያፈንኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ‘ጉልበት ስጠው’ ብዬ የጨረስኩት እኔው ነኝ።”

ኦቦ ዳዳቻ ጃታኒን ትክ ብለው አዩትና፣ “መቼ ይነሳል?” አሉት።

“ፓምፑም ናፍጣ የሚረጨው ኖዝሉም ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። አሥራ ሁለት ቀን፣ ኦቦ። አይቆጡኝ ማለትም አልችልም።”

ሽማግሌው ሰማዩን አዩ፤ አልተቆጡም። ቢቆጡት በተሻለው።

ጃታኒ ዕቃው ታዞ እስኪመጣ ወደ ነገሌ አልተመለሰም። መንደሩ አካፋና ዶማ ይዞ ወጣ፤ እሱም አብሮ ገባ። የመዳፉ ቆዳ ተገሽልጦ እጀታው ላይ ቀረ። በሦስት ቀን ግድቡ ጉልበት ደረሰ፤ የሰው ቁመት መድረስ ነበረበት። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡን አወረደው።

እንዴት ያለ ዝናብ! አምስት ወቅት የተለመነው ሁሉ አንድ ላይ የመጣ ይመስል ነበር። ጎርፉ ኩሬውን ሞላ፣ ጉልበት የሚያህለውን አፈር ዘለለ፣ ከዚያ አፈሩን ራሱን ይዞት ሄደ። ጃታኒ ክፍተቱ ላይ ወገቡ ድረስ ገብቶ በአካፋ ጭቃ ይወረውራል፤ የወረወረው እጁ ሥር ይታጠባል።

“ምነው ዛሬን ባትዘንብ! ምነው አሥር ቀን ብትቆይ፣ አንተ የተረገምክ…”

ኦቦ ዳዳቻ ክንዱን ጎትተው አወጡትና በጭቃ እጃቸው አፉን ያዙት። “ዝናብ አይረገምም፣ ልጄ። ከብቶቼ ያለቁት እሱ ስለቀረ ነው።”

ከዚያ ዳርቻው ላይ ቁጭ ብለው መመረቅ ጀመሩ። “ናጋ”፣ ሰላም ይሁን፣ ሲሉ፣ ውሃው በፊታቸው እየሄደ፣ ሰው ሁሉ “ናጋ” ብሎ ተቀበለ። ጃታኒም ሊቀበል አፉን ከፈተ፤ ማሽኑን “ሁሉ ሰላም ነው” ያሰኘበት ገመድ ትዝ አለውና መልሶ ገጠመው።