«ብቸና ጤና ነው» ያለው ጋዜጣ

ታናሽ እህቴን ከልጅነቷ ጀምሮ እቀናባታለሁ። ምን ያሳፍረኛል! እሷ ቀይ፣ እኔ ጠይም፤ እሷ ስትስቅ ሰው አብሯት ይስቃል፣ እኔ ስስቅ «ይቺ ደግሞ ምን ሆነች» ይባላል። አባታችን እኔን ለብቸና ሸማኔ ዳረኝ፤ እሷን ግን ሞጣ ገበያ አጠገብ ቤት ለሠራ የጨው ነጋዴ ሰጣት። እኔ ቀኑን ሙሉ ጥጥ ስፈትል፣ እሷ ጠላ ቤት ከፍታ እንግዳ ስታስቅ ትውላለች። ለዓመት በዓል ስንገናኝ እጄን ይዛ «እታለም፣ ጣትሽ እንዴት ሻክሯል!» ስትለኝ አንጀቴ እርር ይላል። ግን ይሄ ሁሉ ለካ ጨዋታ ነበር። ቅናት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ተስቦ የገባ ዓመት ነው።

የጃንሆይ ዘመን ማብቂያው አካባቢ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በሽታው የእኛን የሸማኔዎቹን ሰፈር ያዘ። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ መቃዠት። ቤት ለቤት እየዞረ ጎረምሳውንም ሽማግሌውንም አጋደመው። የከተማው ሰው «የቁጢት በጣሾች በሽታ ነው» ብሎ፣ ሸማኔነታችንን እየሰደበ፣ በሰፈራችን ማለፍ ተወ። የሠራነውን ጋቢ ሲለብስ ግን አይጠየፍም፣ የት አባቱ! ክሊኒክ ውስጥ የነበረው ድሬሰር ደግ ሰው ነበር፤ መድኃኒቱ ግን አልቆበታል። «ከላይ ካልተላከልኝ ምን ላድርግ» ይለናል። ከላይ እንዲላክ ደግሞ ሹሙ «በሽታ ገብቷል» ብሎ ማሳወቅ ነበረበት። እሱ ምን በወጣው! በግዛቱ በሽታ ገባ ከተባለ ስሙ ሊጠፋ ነዋ።

በዚህ መሀል ልጄ ታመመች። አንዲት ሴት ልጅ ነበረችኝ፣ አፏን ከፈታች ገና ብዙም አልቆየች። የግድግዳ ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የእሷም አንድ ወንድ ልጅ በዚያው ሰሞን ወደቀ። ሁለታችን እየተፈራረቅን ውኃ ስንቀዳ፣ ጨርቅ እያራስን ግንባራቸው ላይ ስናደርግ ሰነበትን።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ጋዜጠኛ መጣ ተባለ። ዓባይን ተሻግሮ፣ በደጀን አድርጎ፣ እስከ ሞጣ ድረስ የሕዝቡን ኑሮ እያየ ሊጽፍ ነው አሉ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ! ሹሙም አንድ አጃቢ ጨምሮለት የሽመናውን ሥራ እንዲያይ ወደ ሰፈራችን ሰደደው።

እንግዲህ የእኛን አገር ወግ ልንገራችሁ። እንግዳ «እንዴት ናችሁ» ሲል መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» ነው። ጓዳ ውስጥ ሬሳ ቢኖር እንኳ መጀመሪያ ደህና ነን ይባላል። ብሶት የሚነገረው እንግዳው ተቀምጦ፣ እህል ቀምሶ፣ ጠላ ጠጥቶ፣ «እስቲ ምን ወሬ አለ» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ሽማግሌዎቻችንም ወጉን ጠብቀው፣ ነጭ ለብሰው ተቀበሉት። እንግዳ ፊት ማቃሰት ነውር ነው ብለው በሽተኞቹን ወደ ጓዳ አስገቧቸው።

«እንዴት ናችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።»

«ጤናስ?»

«ጤና ነን፣ ምስጋና ይግባው።»

ጋዜጠኛውም ጻፈ። ቀጥሎ መደብ ላይ ቁርበት ተነጠፈለት፣ ጠላ ተቀዳለት። ገና ሳይቀመጥ አጃቢው «ሹሙ ለምሳ እየጠበቁዎት ነው» ብሎ ክንዱን ያዘው። በቃ! ወጉ ከግማሹ ላይ ተቆረጠ። ሽማግሌዎቹ ጠላውን እንደያዙ ቀሩ።

እኔ ልጄን አዝዬ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሴት በሽማግሌ መሀል ገብታ አትናገርም፤ እኔ ግን ገባሁ። «ጌታዬ፣ ልጄ...» ከማለቴ አጃቢው በመሀላችን ገባና «እየመረቀችዎት ነው» አለው። ጋዜጠኛው ዞር ብሎ አየኝ፤ ጀርባዬ ላይ ያለችውን ልጅም አያት። አፉን ሊከፍት ሲል አጃቢው ገፋ ገፋ አድርጎ ወሰደው።

ጋዜጣው በአውቶብስ ሲመጣ አንድ ከሐረር ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ሰፈራችን ድረስ ይዞት መጥቶ አነበበልን። የብቸና ሸማኔዎች በሙሉ ጤንነት ሥራቸውን እየሠሩ ነው፣ ብቸና ጤና ነው፣ እናቶችም ምርቃታቸውን አሰምተዋል ይላል። መራቂዋ እኔ መሆኔ ነው እንግዲህ! እንዲህ ያለ ምርቃት ይድረሰው አልኩ አጃቢውን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አስተማሪውን «ልጄ፣ እኛ እኮ ገና መናገር አልጀመርንም ነበር» አሉት። አስተማሪው አንገቱን ደፍቶ ጋዜጣውን አጠፈ።

ትንሽ ቆይቶ ሌላ ጋዜጣ መጣ። ጥግ ላይ አጭር ጽሑፍ አለች፤ ሞጣ ተስቦ ገብቶ ሰው በመድኃኒት እጦት እያለቀ ነው ትላለች። አንዲት የጠላ ቤት ባለቤት «እኛ ስንቀብር እነሱ ምን እየሠሩ ነው?» ብላለች ይላል። አስተማሪውን ድገምልኝ አልኩት። እህቴ ናት! ከእሷ በቀር እንዲህ የሚናገር አፍ በሞጣ የለም።

ቅናት አንገበገበኝ። በመልኳ ወይም በባሏ አይደለም፤ በሰፈሯ በሽታ ቀናሁባት። በትኩሳት ይቀናል? እኔ ቀናሁ። የእሷ ሰፈር ትኩሳት በታተመ ጽሑፍ አገር ሲያዳርስ፣ የልጄ ትኩሳት ምርቃት ተብሎ ቀረ። ያ ጋዜጠኛ እኮ የእኔ ደጃፍ ላይ ነው የቆመው! ከእኔ ደጃፍ ተነሥቶ ነው ወደ እሷ የሄደው! ጥጤን ወርውሬ ቀኑን ሙሉ ሳልፈትል ዋልኩ።

ወዲያው ወደ ሞጣ የሚያልፍ የመድኃኒት መኪና መጣ። ብቸና ምሳ ለመብላት ሲቆም እኔና ጎረቤቴ ሮጥን። ነጭ ካፖርት የለበሰውን ሰውዬ እግሩ ሥር ወድቀን ለመንነው። እሱም ጨዋ ነው፣ «ተነሡ እናቶቼ» እያለ አነሣን። «ትዕዛዙ ለሞጣ ብቻ ነው። ብቸና ጤና ነው ተብሏል።»

«ማነው ያለው?» አለችው ጎረቤቴ።

«ጋዜጣው ላይ ወጥቷል እኮ።»

መኪናው አቧራውን አልብሶን ሄደ። መርፌው፣ ኪኒኑ፣ የቅማል ማጥፊያው ዱቄት ሁሉ በዓይናችን እያየነው አለፈ። ሀብታም ሲታመምበት ጋዜጣ አያስፈልገውም፤ አዲስ አበባ ዘመድ አለው፣ ሹሙን ቤቱ ገብቶ ያናግረዋል። እኛ ማን አለን? በእኛ በኩል የሚናገር ያ ወረቀት ብቻ ነበር፤ እሱንም ሹሙ አፉን ያዘው።

በማግስቱ ወደ ሞጣ የሚሄድ የእህል መኪና ላይ ለመሳፈር ልጄን አቀፍኩ። ጎረቤቴን «ተነሽ፣ አብረን እንሂድ» አልኳት። «ሞጣ ማን አለኝ? የማን ደጅ ልውደቅ? ልጁስ በዚህ ጉልበቱ መኪና ይችላል?» አለችኝና ተመልሳ ገባች።

ሞጣ ስደርስ መርፌው የሚሰጠው የሰፈሩ ሽማግሌ «የእኛ ሰው ነው» ብሎ ለሚመሰክርለት ብቻ ነበር። እህቴ ልጄን ከጉያዬ ነጥቃ ሰልፉ ውስጥ ገባች። «የማን ልጅ ናት?» ሲሏት «የእኔ!» አለች፣ ዓይኗን ሳታሽ። እኔ እንደ ሠራተኛዋ ከኋላ ቆምኩ። ልጄ መርፌው ሲነካት «እማዬ!» ብላ ስትጮህ እህቴ «አይዞሽ፣ እናትሽ አለሁልሽ» ብላ እቅፍ አደረገቻት። ልጄን እያዳነችልኝ እንኳ ቀናሁባት! እንዲህ ነኝ እንግዲህ፣ ምን ላድርግ።

ልጄን ትኩሳቱ ለቀቅ ሲያደርጋት እህቴን ያንን ጋዜጠኛ እንዴት እንዳገኘችው ጠየቅኳት። ሳቀች። «መኪናው እዚህ ደጄ ላይ ተበላሸበት። ሹማምንቱ ወደ ገጠር ወጥተው ነበር፣ የሚያጅበው ሰው አልነበረም። ዕቃው በአውቶብስ እስኪመጣለት ድረስ እዚያች አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ጠላዬን ጠጣ፣ ምሳ በላ፣ ከዚያ ምን ወሬ አለ አለኝ። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ።»

«እኔ ጋ እኮ መጥቶ ነበር» አልኳት።

«ነግሮኛል። ‹ብቸና ልጅ ያዘለች ሴት ልታናግረኝ ነበር፣ እሷንም ጽፌ ነበር፣ ግን የጻፍኩትን አጃቢው ሳያነበው አልተላከም፣ ሰረዘብኝ› አለኝ። የሞጣውን ማንም ሳያይበት ራሱ በስልክ ነው ለጋዜጣው ቤት ያነበበላቸው። እታለም፣ አንቺ መሆንሽን ባውቅ ኖሮ...» ሳቋ ጠፋ። ልጄን በጋቢዋ ጠቅልላ ወደ ራሷ አስጠጋቻት።

ጋዜጠኛው ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ሲያልፍ አልታየም። ወደ ሌላ ሥራ አዛወሩት ሲሉ ሰማሁ።

ልጄ በእግሯ መቆም ስትጀምር ወደ ብቸና ተመለስኩ። ሰፈሩ ጸጥ ብሏል፤ ሸማኔ እግሩን ሰድዶ ከሚሠራበት ጉድጓድ ብዙው ሰው የለበትም። ጎረቤቴ ደጃፏ ላይ ከል ለብሳ ተቀምጣለች። መጠየቅ አላስፈለገኝም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እሷ እንባዋ አልቆ ነበር።

«እንኳን ማረልሽ» አለችኝ። ልጄን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ እህቴን ያየሁበት ነው። «አንቺስ ሞጣ እህት ነበረችሽ» አለችኝ።

ከዚያ እጇን ዘርግታ ልጄን ከጉያዬ ወሰደቻትና ከነጠላዋ ሥር አቀፈቻት። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ አልመለሰችልኝም፤ እኔም አምጪ አላልኳትም።