ከሾላው ሥር

ልጄ ከጣና ዳር፣ ከአንድ ሾላ ሥር ድንኳኑን ዘርግታ ችካል ትመታለች። ደንገል ሲረገጥ የሚወጣው እርጥብ ሽታ ሲመጣብኝ ቦታውን አወቅሁት።

በልጅነቴ ከአጎቴ ከአያ ደሴ ጋር ለንግሥ ወደ ጎርጎራ ስንወርድ ማደሪያ የሚመርጠው እሱ ነበር። ባዶ ሜዳ ላይ እንኳ ሳያስፈቅድ አይተኛም። «ቤቶች፣ የመሸብን እንግዶች ነን» ብሎ ይጣራል፤ መልስ ሲያጣ ጓዛችንን እናወርዳለን።

እዚህ ሾላ ሥር ግን ተጣርቶ ጆሮውን ሰጠ። ቆየና ጋቢውን ሰብስቦ፣ «ሰው አለበት፤ እንለፍ» አለኝ። እኔ ያየሁት ሣር ብቻ ነበር። ምን እንደሰማ ሳልጠይቀው ሞተ።

«አባባ፣ ምነው ቆምህ? ሸጋ ቦታ አይደል?» አለች ልጄ።

«ቤቶች» አልሁ፤ ማንም እንዳይመልስልኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።