ማሽኑ ላይ የረሳሁት መዝሙር

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤቴ ለአንድ ሳምንት የሥራ ልምምድ የላከኝ እዚሁ ለንደን ወደሚገኝ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ነበር። ሰኞ ጠዋት ማንም ሳያየኝ የቤተ ክርስቲያናችንን መዝሙር በቢሮው ማሽን ሠላሳ ኮፒ አደረግሁ። የመዘምራን መሪያችን "ቢሮ ከገባሽ አይቀር ኮፒ አድርጊልን" ብሎኝ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊዋ የማኅበሩን ታሪክ ነገረችኝ። ድሮ ሰዎች የሙዚቃ ጽሑፍ ሰርቀው እያተሙ መንገድ ላይ ይሸጡ ስለነበር አሳታሚዎቹ ይህን ለመከላከል ተሰባሰቡ።

"ዛሬም ያለ ደራሲው ፈቃድ አንድ ገጽ ኮፒ ማድረግ ሌብነት ነው" አለችኝ።

ደነገጥኩ። ዋናውን ወረቀት ከማሽኑ ውስጥ አላነሳሁትም ነበር። ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ወደ ማሽኑ ሮጥኩ። ወረቀቱን የሕንጻው ጥበቃ ጋሽ ወርቁ ይዘው እያነበቡት ነው። በዚያ ሕንጻ ውስጥ ከእኔ ሌላ አማርኛ የሚያነብ እሳቸው ብቻ ናቸው።

"ያንቺ ነው?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ። እባክዎ ለኃላፊዋ አይንገሩብኝ፤ ያባርሩኛል።"

"ማን ነው የደረሰው?"

"አይታወቅም። ከታች 'ደራሲው ያልታወቀ' ተብሎ ተጽፏል።"

ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መልሰው አድርገው እንደገና አነበቡት። እኔ በሩን በሩን አያለሁ።

"ሦስተኛው ስንኝ ተበላሽቷል" አሉ።

"እንዴት አወቁ?"

"ካርቱም በስደት ላይ ሆኜ ስጽፈው እንዲህ አልነበረም።"