ሽልማቴን እትዬ የተቀበሉ ዕለት

ልጄ ከስልኳ ላይ የቻይናዎችን የክረምት ጤና አጠባበቅ ታነብልኛለች። ወገብን ማሞቅ፣ በጊዜ መተኛት፣ ራስ እርጥብ ሆኖ ከቤት አለመውጣት። «እማዬ፣ ጥበብ እኮ ነው!» ትላለች። ኤዲያ! ይሄ ጥበብ በጃንሆይ ጊዜ አሰላ ላይ አሳሬን ያበላኝ አይደል እንዴ?

እናቴን ብርድ ሳንባዋን መትቶ የወሰዳት ገና ዳዴ ስል ነው። ያሳደጉኝ የአባቴ እህት እትዬ በላይነሽ ታዲያ ከጭላሎ የሚወርደውን ብርድ እንደ ደመኛ ነበር የሚያዩት፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ይረግሙታል። ሰኔ ሲገባ ነጭ ሽንኩርት በማር ያስውጡኛል፣ ደረቴን በተወቀጠ ፌጦ ያሹኛል፣ ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ ይደፉና በሻሽ ጠፍረው ያስሩኛል። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ፤ ሽታዬ ከእኔ ቀድሞ ይገባ ነበራ!

አራተኛ ክፍል ሳለሁ አንደኛ ወጣሁ። ሰኔ ሠላሳ በወላጆች ፊት ስሜ ተጠርቶ ሽልማት ልቀበል ነው ብዬ እህል አልበላ አለኝ። ምን ዋጋ አለው፣ በዋዜማው አንዴ አሳለኝ። አንዴ! በማግስቱ ዓይኔን ስገልጥ ቅቤው አናቴ ላይ ነው። «በቅቤ አናት ንፋስ? ምች እንዲያጋድምሽ ነው?» ብለው በሩን ዘጉብኝ። «እትዬ፣ በእመቤቴ ይልቀቁኝ!» ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ወይ ፍንክች! ጭራሽ ነጠላቸውን አጣፍተው እሳቸው ሄዱልኝ።

የጎረቤት ልጆች እንደነገሩኝ፣ ዲሬክተሩ ስሜን ሲጠሩ እትዬ የፊታቸውን ዝናብ እየጠረጉ መድረክ ላይ ወጡ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው እቴ፣ ለጥ ብለው እጅ ነሡና፣ «ልጄ ቅቤ ተቀብታለች፤ ንፋስ አይነካትም» አሉ። ሳቁ ሲብስ ጊዜ ተቆጡ። «ምን ያስቃችኋል? እናቷን የበላት ይሄው ብርድ አይደል?» አሉና ሽልማቴን ይዘው ወረዱ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም አሉ።

ቤት ሲገቡ ከራስ እስከ እግራቸው በስብሰዋል፤ የሽልማት ብዕሬ ግን ከብብታቸው ደረቁን ወጣ። አልነካውም ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። እትዬ እያሳሉ፣ «አኩርፊ፤ ኩርፊያ አይገድልም» አሉኝና እሳት ሊያነዱ ሄዱ።

እትዬ ካረፉ ስንት ክረምት አለፈ። ትናንት ሌሊቱን ሳስል አደርኩ፤ ልጄ ጠዋት ብቅ ብላ፣ «ሐኪም ቤት እንሂድ እንዴ እማዬ? ከፈለግሽ» አለችኝ። ከፈለግሽ! ወይ ጉድ! ብፈልግም ባልፈልግም በር የሚዘጋብኝ ሰው ከእንግዲህ ከየት አመጣለሁ?