የጫልቱ የፈተና ወረቀት

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ቤዛ እባላለሁ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ የእትዬ አልማዝ የእህት ልጅ እያላችሁ ነው። ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ነው የቆምኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለዚህ ምስክርነት ሦስት ጊዜ ስሜን አስመዝግቤ ሦስቱንም ጊዜ አሰርዤዋለሁ። ጌታ ከምን እንዳወጣኝ ለመናገር እኔ በሰው ላይ ምን እንዳደረግኩ መናገር ስላለብኝ ነው። ዛሬ ግን ጸጋው አቆመኝ። ስሙ ይባረክ!

ያደግኩት ሱሉልታ ነው። አባቴ እዚያው በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነው፤ እኔም እዚያው ነው የተማርኩት። የመምህር ልጅ መሆን ምን እንደሆነ የመምህር ልጆች ታውቁታላችሁ። ብታጠኑም ባታጠኑም ሰው "እሷማ የቲቸር ልጅ ናት" ይላል። እኔ ግን አጠና ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ እወጣለሁ። ሰሚስተር ሲያልቅ ተማሪው ተሰልፎ የደረጃ ተማሪዎች ስም ሲጠራ፣ አባቴ ከመምህራኑ መሃል ቆሞ አያጨበጭብም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መሬት መሬቱን ያያል። ደስታውን ለመደበቅ ነው። ወገኖቼ፣ እኔ ለዚያች ደቂቃ ነበር የምኖረው። እግዚአብሔርን በስም አውቀዋለሁ። ፈተና ሲደርስ "እርዳኝ" እለዋለሁ፤ ካርድ ስቀበል እረሳዋለሁ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስንገባ ጫልቱ መጣች። አባቷ ኦቦ ቶሎሳ ከጫንጮ ወጣ ያለ ገጠር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ጫልቱ ሱሉልታ ላይ ከሁለት የአገሯ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ዓርብ ወደ ቤተሰቦቿ ሄዳ እሁድ ስንቋን ይዛ ትመለሳለች። ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጥን። አማርኛዋ ላይ የሚስቁ ልጆች ነበሩ። ሒሳብ ሲሆን ግን ማንም አይስቅም። ቲቸር ግርማ ሰሌዳ ላይ ጥያቄውን ጽፎ ሳይጨርስ እሷ ደብተሯ ላይ ጨርሳለች። ደግሞ አትነፍግም! "ኢላሊ፣ ቤዛ" ትለኛለች፣ ተመልከች ማለቷ ነው፤ "እዚህ ጋ ብታዞሪውስ?" ትለኛለች፤ በትዕግሥት ታስረዳኛለች።

በዓመቱ መጨረሻ ጫልቱ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ ወጣሁ። አባቴ አልተቆጣኝም። እራት ላይ "ልጅቷ ጎበዝ ናት" ብቻ ነው ያለው። ያቺ ቃል ውስጤ ገብታ ክረምቱን ሙሉ እዚያው ከረመች።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ የመጀመሪያው ሰሚስተር የሒሳብ ፈተና ነበር። እኔ የክፍሉ አለቃ ነኝ። ሰዓቱ ሲያልቅ ቲቸር ግርማ ስብሰባ ተጠርቶ ሲወጣ "ቤዛ፣ ወረቀቱን ሰብስቢና ቢሮ አምጪልኝ" አለኝ። ሰበሰብኩ። የእኔ ወረቀት ላይ ሁለት ትልልቅ ጥያቄዎች ባዶ ነበሩ። መንገዴ ላይ ያለው ቤተ ሙከራ ክፍት ነበር፤ ሰው የለበትም። ገባሁ። የጫልቱን ወረቀት ከመሃል አወጣሁና አጠገቤ አድርጌ ገለበጥኩ። በጣም ቸኩዬ ስለነበር አንድ ቦታ ላይ እሷ የተሳሳተችውን የመቀነስ ምልክት እንኳ እንዳለ ወሰድኩት።

በሦስተኛው ቀን ሁለታችንም ተጠራን። ቲቸር ግርማ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቶ "አሠራሩ አንድ ነው። ስህተቱ እንኳ አንድ ነው። ማን ከማን ነው የኮረጀው?" አለ።

ጫልቱ ዘወር ብላ አየችኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

"ቲቸር፣ እኔ አልኮረጅኩም" አለች። ስትፈራ አማርኛው ይጠፋታል። "አኒ ሚቲ! እኔ አይደለሁም! አኒ ሚቲ!"

"ቤዛ?" አለኝ።

"አጠገቤ ነው የምትቀመጠው" አልኩ።

ይኼን ብቻ ነው ያልኩት፣ ወገኖቼ። አጠገቤ ነው የምትቀመጠው። ውሸት እንኳ አይደለም! እኔ ደግሞ የቲቸር ልጅ ነኝ፣ አንደኛ ስወጣ የኖርኩ፤ ማን ይጠረጥረኛል? ለጫልቱ ዜሮ ተሰጣት፣ "ወላጅ አምጪ" ተባለች። ኦቦ ቶሎሳ ከጫንጮ መጡ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው የርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ሲቆሙ በክፍላችን መስኮት አየኋቸው። ከሰዓት በኋላ ስንለቀቅ፣ ጫልቱ ፍራሿ ተጠቅልሎ ከሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሲታሰር እያየች ቆማ ነበር። አባቷ ከጎኗ ናቸው። አይነጋገሩም። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልመጣችም።

የዚያ ሰሚስተር አንደኛ እኔ ነበርኩ። ስሜ ሲጠራ አባቴ መሬት መሬቱን አየ። እኔም መሬት መሬቱን አየሁ።

ከዚያ ራስ ምታት ጀመረኝ። መጽሐፍ ስገልጥ ፊደሉ ይደባለቅብኛል፣ እስክሪብቶ ስይዝ ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። አባቴ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት አዞረኝ። አዲስ አበባ ያዩኝ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ውጤቱን ሁሉ አገላብጠው "ደምሽ ደህና ነው፣ ጭንቅላትሽም ደህና ነው" አሉኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው "ልጄ፣ ለማንም ያልነገርሽው ነገር አለ?" ብለው ጠየቁኝ። አባቴ አጠገቤ ቆሟል። "የለም" አልኩ። እግዚአብሔር በሐኪም አፍ ጠይቆኝ ነበር እኮ! እኔ ግን "የለም" አልኩ።

ብሔራዊ ፈተናው ደረሰ። እንደምታውቁት ዩኒቨርሲቲ ገብተን ነው የምንፈተነው። የሒሳቡ ቀን የጥያቄውን ወረቀት ስገልጥ እጄ መልስ ማጥቆር እምቢ አለኝ። ሰዓቱ እስኪያልቅ አብዛኛውን ባዶ ትቼ ወጣሁ። ውጤት የወጣ ቀን አባቴ ስልኩ ላይ መለያ ቁጥሬን አስገባ፤ አየ፤ "ቁጥሩን ተሳስቼ ይሆናል" ብሎ እንደገና አስገባ። ሦስት ጊዜ አስገባው። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ወጣ።

ሱሉልታ መቀመጥ አቃተኝ። አክስቴ አልማዝ ወደዚህ ወደ ቡራዩ ወሰደችኝ። እዚያ ጋ ተቀምጣለች፤ አንድ ቀን እንኳ "ቸርች ካልመጣሽ" ብላ አልነዘነዘችኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ "ነይ፣ የአዳራሹን ወንበር እንወልውል" ትለኛለች። ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው እሁድም መምጣት የጀመርኩት። ከዚያ አንድ እሁድ መጋቢያችን ስለ ንስሐ ሲያስተምሩ "ለእግዚአብሔር 'በድያለሁ' ብለህ፣ ለበደልከው ሰው ግን ለመናገር የምትፈራ ከሆነ፣ ምሕረቱ እንደሚይዝህ ገና አላመንክም" አሉ። ወገኖቼ፣ መሬቱ ቢከፈት እመርጥ ነበር። እዚያች ሦስተኛዋ ረድፍ ላይ ተንበርክኬ ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ። ኢየሱስ ተቀበለኝ! እንደዚያ ሆኜ ተቀበለኝ! ሃሌ ሉያ!

ለአክስቴ ሁሉንም ነገርኳት። አቅፋኝ ብዙ አለቀሰችና "ጌታ ይቅር ብሎሻል። ጫልቱ ግን ይኼን አልሰማችም" አለችኝ።

በሳምንቱ ሱሉልታ ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ስጨርስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። "ሃያ ሁለት ዓመት አስተማርኩ" አለ። "ሰው የሚያውቀኝ በስሜ ነው። አሁን እኮ አልፏል ቤዛ፣ ዓመት አልፎታል።"

"አባዬ፣ በእሷ ላይ አላለፈም" አልኩት።

ተነስቶ መኝታ ቤቱ ገባና በሩን ዘጋ። ጸልዬ ተኛሁ። ጠዋት ብቻዬን ልሄድ ስወጣ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆሟል። "ነይ" አለኝ።

ትምህርት ቤት ገባን። ርዕሰ መምህሩና ቲቸር ግርማ ባሉበት ተናገርኩ። እስክሪብቶ ስይዝ እጄ የሚንቀጠቀጠው እኔ፣ በዚያች ሰዓት ድምፄ እንኳ አልተቆራረጠም። ጌታ ይክበር! ቲቸር ግርማ ግንባሩን በሁለት እጁ ያዘ። "እኔም አጥፍቻለሁ" አለ። "ያንን አሠራር ማን እንደሚያውቀው አውቅ ነበር። የጓደኛዬ ልጅ ስለሆነች ደግሜ አልጠየቅኳትም።" ዜሮው ተሰርዞ፣ የኮረጅኩት እኔ መሆኔን፣ ጫልቱ ንጹሕ መሆኗንና ተመልሳ መማር እንደምትችል የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተጻፈ።

እሱን ይዘን ጫንጮ ሄድን። ጫልቱን አጎቷ እህል የሚሸጡበት ሱቅ ውስጥ ጤፍ እየሰፈረች አገኘኋት። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ወደ ኋላ ሸሸች።

"ያን ቀን ዘወር ብዬ ያየሁሽ ትናገራለች ብዬ ነው" አለች። "አባቴ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረኝም። እስከ ዛሬም ስለዚያ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። አሁን ምን ላድርግልሽ? ላልቅስልሽ?"

"ምንም አታድርጊልኝ" አልኳት። "ለአባትሽ ልናገር ብቻ ፍቀጂልኝ።"

ኦቦ ቶሎሳ ቤት ሄድን። ደጃቸው ላይ ተንበርክኬ በኦሮምኛ ተናገርኩ። አባቴም "ኦቦ ቶሎሳ፣ የበደለችዎ የእኔ ልጅ ናት። እኔም አብሬ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ" አላቸው። እሳቸው ደብዳቤውን ተቀብለው ማኅተሙን በጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ ለአባቴ መልሰው ሰጡትና "መምህር፣ ጎረቤት ይሰማ። ጮክ ብለው ያንብቡልኝ" አሉ። ጎረቤቶቻቸው ተጠሩ፤ ስምንት፣ ዘጠኝ ሰው መጣ። አባቴ ቆሞ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ በቆመበት አቋም፣ የራሱን ልጅ ጥፋት በኦሮምኛ እየተረጎመ አነበበው። ሲጨርስ ኦቦ ቶሎሳ ወደ ሰዎቹ ዞሩ።

"ኢንተሊ ኮ ሂን ሃኔ" አሉ። ልጄ አልሰረቀችም ማለት ነው። ከዚያ ወደ ጫልቱ ዞረው ያንኑ ደገሙት። ጫልቱ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ወደ እኔ አይደለም፣ ወደ አባቷ ሄደች። እኔም እዚያው ጉልበቴ ላይ እንዳለሁ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ጫልቱ ተመልሳ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ተማረች፤ ብሔራዊ ፈተናውን አለፈች። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ትማራለች። ክብር ለጌታ ይሁን! እኔም በግል ተመዝግቤ እንደገና ተፈተንኩ። ማለፊያውን አላመጣሁም፤ ይኼን መደበቅ አልፈልግም። ግን ወገኖቼ፣ እጄ አልተንቀጠቀጠም! ራሴን አላመመኝም! ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው በራሴ እጅ፣ በማውቀው ልክ ሠራሁ። አሁን ሰበታ በሚገኝ የሙያ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ሥራ እማራለሁ። ከአባቴ ጋር በየሳምንቱ እንገናኛለን፤ ባለፈው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ መጥቶ ከኋላ ተቀምጦ ነበር።

ጫልቱ ለብዙ ጊዜ ስልኬን አላነሳችም። ባለፈው ፋሲካ ማግስት ራሷ ደወለች። "ይቅር ብዬሻለሁ" አለችኝ። "ጓደኛሽ ለመሆን ግን ጊዜ ስጪኝ።" እሰጣታለሁ። የፈለገችውን ያህል እሰጣታለሁ።

እዚህ ብዙ ተማሪዎች ተቀምጣችኋል፤ ፈተና ደርሶባችኋል። እኔ "ጌታ ሁሌ አንደኛ ያደርጋችኋል" ብዬ አልዋሻችሁም። በስማችሁ ልክ ሳይሆን በምሕረቱ ልክ የሚወድዳችሁ አባት ግን አላችሁ፤ እሱን እመኑት። ታላላቆቼም፣ እናቶቼም፣ አባቶቼም፣ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ልትደውሉለት የሚገባ ሰው ካለ፣ ጌታ እኔን እንደያዘኝ እናንተንም ይይዛችኋል። ደውሉለት። አሜን።