በቢቸናና በሞጣ መሐል የመሸበት ቁጥር

ልጅ ሳለሁ አባቴ ተረትን እንኳ ሳይፈትሽ ቤት አያስገባም ነበር። እንግዳ እሳት ዳር ተቀምጦ «አንድ ሰው ነበር» ብሎ ሲጀምር «የማን ልጅ? አገሩስ የት ነው?» ብሎ ያስቆመዋል። ጅብና አህያ ሲገናኙ እንኳ የአህያዋ ባለቤት ሳይታወቅ ጅቡ አፉን መክፈት አይፈቀድለትም። እናቴ «ይህ ሰው ገነት ደጅ ሲደርስ መልአኩን ራሱን ዋስ አምጣ ይለዋል» ትል ነበር፤ እኔ ደግሞ መልአኩ ዋስ ቢያመጣም የዋሱን ዋስ ይጠይቀዋል እላለሁ።

ግን አባቴን ብቻ ማማት ነውር ነው። ያኔ፣ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር የምንኖር ሰዎች ሁላችንም የገዛ ጥላችንን ዞር ብለን የምናይ ነበርን። መሬቱ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ርስት ነው፤ በየመኸሩ ደግሞ «መንግሥት ርስቱን በገመድ ሊለካው ነው፤ የለካውን ሊወስደው ነው» የሚል ወሬ ይመጣል። ወሬው በአምበር ገበያ ሲያልፍ ለካዮቹ ሁለት ናቸው፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ በቅሎዎቻቸው ብቻ አንድ ወንዝ ጠጥተው አድርቀዋል። ከብትም አይቆጠርም። «ስንት ላም አለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ዓይነ ክፉ ነው፣ ወይ ግብር ሰብሳቢ ነው፤ መልሱ ለሦስቱም «እግዜር የሰጠኝን ያህል» ነው።

መምህር ገለታ ቁጥር ሊያስተምር የመጣው እንዲህ ወዳለ አገር ነው።

ወለጋ ተወልዶ እኛ ዘንድ የተመደበ ወጣት ነበር። ቁመቱ የቤታችንን ምሰሶ ያሳፍራል፤ ሱሪው ከመጥበቡ የተነሳ ማታ ሲያወልቀው እግሩም አብሮ እንዳይወልቅ እሰጋለት ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለች ሣር ክዳን ቤት ትምህርት ቤት እንዲከፍት ነው የተላከው፤ ልጅ ይላክለት አይላክለት ግን የአገሩ ሽማግሌዎች ገና አልቆረጡም። ማደሪያ ሲያጣ አባቴ ከጎተራው ጎን ያለችውን ክፍል ሰጠው። ደግነት አለበት፤ ይበልጡን ግን ከዓይኑ እንዳይርቅበት ነው። «የሚጠረጠር ሰው ቅርብ ሲያድር ይሻላል» አለ፣ መምህሩ እየሰማ።

ሽማግሌዎቹ እስኪቆርጡ መምህሩ ማታ ማታ እሳት ዳር እኛን በተረት ያስተምረን ጀመር። እኛ ማለት ታላቅ ወንድሜ ውቤ፣ ቀጥሎ እኔ፣ ከዚያም ገና ጥርሷ ያልሞላው ታናሽ እህቴ ጥሩዬ ነን። ሽማግሌዎቹ እሺ ካሉ ትምህርት ቤት እገባለሁ ብዬ ልቤ ቆሟል። ከምንጭ ስመለስ የሰማሁትን ለመንገዱ ድንጋይ ሁሉ አስተምር ነበር፤ አንዳንዱ ድንጋይ ከውቤ ይሻላል።

እራት ተበልቶ እሳቱ ወደ ፍም ሲወርድ፣ ጭሱ ሣር ክዳኑን እየዳሰሰ መውጫ ሲፈልግ፣ ኩራዟም ጥላችንን ግድግዳው ላይ እያስረዘመች እያሳጠረች ስትጫወትብን፣ መምህሩ አንድ እፍኝ የባቄላ ቆሎ ይዞ አመዱን በመዳፉ ይደለድልና ሦስት ክብ ይሥልበታል።

«ጎን ለጎን የተሠሩ ሦስት ቤቶች ነበሩ» ይላል።

«የት?» ይላል አባቴ ከመደቡ ላይ።

«ቁጥር በሚባል መንደር።»

«አላውቀውም።»

የቀኙ አንድ ቤት ይባላል፣ መካከለኛው አስር ቤት፣ የግራው መቶ ቤት። አንድ ቤት ጠባብ ጎጆ ስለሆነች ከዘጠኝ ሰው በላይ አታሳድርም። አስረኛው ሲመጣ አስሩም ተጠቅልለው አንድ ሰው ይሆኑና ወደ አስር ቤት ይሻገራሉ። አስር ቤትም እንዲሁ ሲሞላባት ወደ መቶ ቤት ትሰዳለች። አንዲት ባቄላ አንድ ቤት ስትቀመጥ አንድ ብቻ ናት፤ ያችው ባቄላ አስር ቤት ስትገባ አስር ነኝ፣ መቶ ቤት ስትገባ መቶ ነኝ ትላለች።

«እንደ ጭቃ ሹማችን ናታ» አለ አባቴ። «ሰውዬው ያው ነው፤ የተቀመጠበት ነው የሚያተልቀው።»

መምህሩ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም፤ መምህሩ ለምን እንደሳቀ ያሰላስል ነበር።

ነገር የተበላሸው ገመድ የመጣ ማታ ነው። ጎረቤታችን አያ ጫኔ ሊጠይቁን መጥተው ከአባቴ ጋር ተቀምጠዋል። መምህሩ ከክፍሉ ረጅም ገመድ አምጥቶ በምሰሶውና በበሩ መቃን መካከል ወጠረው። በእኩል በእኩል ርቀት ተቋጥሯል። እኔ ገመድ አየሁ፤ አባቴና አያ ጫኔ ግን ቀላድ አዩ፣ ያንን ለካዮች ርስት ላይ ይጥሉታል የሚባለውን መለኪያ። ፍሙ እንኳ መንጣጣቱን ተወ።

መምህሩ ምንም አልገባውም። ተረቱን ቀጠለ።

«ይህ ቋጠሮ አርባ ነው፤ ቢቸና በሉት። ይህኛው ሃምሳ ነው፤ ሞጣ በሉት። አንድ መንገደኛ ከቢቸና ተነስቶ ወደ ሞጣ ሲሄድ መሸበት። የት ይደር?»

«የቀረበው ዘንድ» አልኩ፣ ውቤ አፉን ሳይከፍት።

«ጎሽ። ቁጥርም የመሸበት መንገደኛ ነው።»

አርባ ሦስት ከቢቸና ብዙ አልራቀምና ተመልሶ አርባ ያድራል፤ አርባ ሰባት ወደ ሞጣ ተቃርቧልና ሃምሳ ገብቶ ያድራል። ይህም ማጠጋጋት ይባላል አለን። ማን ወዴት እንደሚቀርብ ለማወቅ አንድ ቤትን ገልጦ ማየት ነው። በውስጧ ያሉት አራት ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ ይነሳሉ፣ አስር ቤትም እንዳለች ትቆያለች። አምስት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑም ይነሳሉ፤ አስር ቤት ግን አንድ ሰው ይጨመርላታል። ወደ መቶ የሚጠጋ ሲሆን ደግሞ የምትታየው አስር ቤት ናት። ከየቤቱ የሚነሱት ባቄላዎች የእኛ ድርሻ ስለነበሩ ትምህርቱን እንደ እኔ የወደደው አልነበረም።

«አርባ አምስት ላይ፣ እኩል መሐል የመሸበትስ?» አለ ውቤ።

«ወደ ፊት ይሄዳል። ሞጣ ያድራል።»

አባቴ ቅንድቡን አነሳ። እኛ የቢቸና ወገን ነን፤ ከሞጣ በኩል የመጣ ዝናብ እንኳ ሲጥል በር ላይ ቆመን አይተነው ነው የምንቀበለው።

አያ ጫኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አርባ ሦስቱ አርባ ሲሆን ሦስቱ የት ገቡ?»

«ተጠጋጉ» አልኩ፣ አፌ በባቄላ ሞልቶ።

«እሺ። አርባ ሰባቱ ሃምሳ ሲሆንስ፣ የጎደለውን ሦስት ማን ሊሞላ ነው?»

«ማንም አይሞላም፣ አያ ጫኔ» አለ መምህሩ። «ለግምት ያህል ነው።»

ግምት። እኛ አገር ገማች ማለት አዝመራ ሲደርስ ከበቅሎው ሳይወርድ ማሳውን በዓይኑ ገረፍ አድርጎ ሰባቱን ጭነት አስር ነው ብሎ የሚያስገብር ሰው ነው። አያ ጫኔ ዱላቸውን እንኳ ሳይዙ ወጡ። በማግስቱ የገመዱ ወሬ የጁቤ ሲደርስ ገመዱ ከዓባይ በረሃ እስከ ግንደወይን የሚዘረጋ ሆኖ ነበር።

«ልጅ አይላክም» አለ አባቴ። «መምህሩም ሌላ ማደሪያ ይፈልግ።»

«ሰውዬው ለካበት ወይስ ተረተበት?» አለች እናቴ።

«ሁሉም በተረት ነው የሚጀምረው።»

ያን ማታ ባቄላው አልጣመኝም፤ እኔን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ታማ ነበር ይላል።

መምህሩ ግን ሞኝ አልነበረም፤ እናቴም ሹክ ሳትለው አልቀረችም። በማግስቱ ማታ ገመዱን ጠቅልሎ አባቴ ጉልበት ላይ አስቀመጠው። «አያ ደሴ፣ ይውሰዱት። የጥጃ ማሰሪያ ይሁንዎት።» አባቴ ገመዱን ወደ ኩራዟ አስጠግቶ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ፈታቸው፤ በየቋጠሮው ውስጥ የመንግሥት ማኅተም ይፈልግ ነበር መሰለኝ። ምንም ሲያጣ የባሰውን ጠረጠረ፤ ቢሆንም ጥጃዋ ታሰረችበት። ከመንደራችን ፍጡር መጀመሪያ የተማረችው እንግዲህ የእኛ ጥጃ ናት። መምህሩም በክፍሉ ቀረ፤ የእኛ መላክ አለመላክ ግን ለሽማግሌዎች ተተወ።

በዚያው ሰሞን አንድ ማታ መምህሩ መቶ ቤት ሁለት፣ አስር ቤት ሰባት፣ አንድ ቤት ሦስት ባቄላ አስቀምጦ «ሁለት መቶ ሰባ ሦስት ወደ መቶ ሲጠጋ ስንት ነው?» አለ። ውቤ አንድ ቤትን አየ፤ ሦስቱን በላና «ሁለት መቶ» አለ።

«የተራብክበትን ቤት ነው ያየኸው» አልኩት። «ወደ መቶ ሲሆን አስር ቤት ናት የምትታየው። ሰባት አሉባት። ሦስት መቶ።»

አባቴ ከመደቡ ተነስቶ ከኋላዬ ያለውን ጨለማ አየ። «ይህችን ልጅ ማን ነገራት?»

«ጭንቅላቷ» አለች እናቴ።

አባቴ መልሱን አላመነበትም፤ ሌላ ሰው ግን አላገኘም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላም ተቀምጠው ተማከሩ። ወረዳው ልጅ ካልሞላ መምህሩን ሞጣ እወስደዋለሁ ብሎ ልኳል። መምህሩን ማንም አያምነውም፤ ለሞጣ መልቀቅ ደግሞ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ከልጆቹ ግማሹን ይላክ፣ ግማሹን ያስቀር ብለው ቆረጡ። ተንኮል ከሆነ የሚጎዳው ግማሹ ነው፤ በረከት ከሆነም ግማሹ ይደርሰናል።

ማታ አባቴ ይህን ሲናገር የመምህሩ ፊት በራ። ሦስት ባቄላ አመዱ ላይ ደረደረ። «ውቤ፣ አለሚቱ፣ ጥሩዬ። የሦስት ግማሽ አንድ ተኩል ነው» አለና መካከለኛዋን በጥርሱ እኩል ከፈላት። ውቤ በታላቅነቱ ሙሉ ነው። ጥሩዬ ለእናቴ ትቀራለች። የተከፈለችው እኔ ነኝ። ሰው ከሁለት ተከፍሎ ራሱን አመድ ላይ ሲያይ ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

«ግማሽ ልጅ መላክ አይቻልም፤ እናጠጋጋለን» አለ መምህሩ። «ግማሽ ሲሆን ወደ ላይ ነው። ሁለት። ውቤና አለሚቱ።»

አባቴ ወደ ባቄላዎቹ ጎንበስ አለ።

«ያ መንገደኛህ» አለ፣ «እኩል መሐል ላይ ሲመሽበት የት ይደር አልከኝ?»

«ወደ ፊት፣ ሞጣ።»

«ሞጣ ማን አለው?»

«ማንም የለውም። እንዲያው ለምሳሌ ነው፣ አያ ደሴ።»

«ከቢቸና ነው የተነሳው?»

«አዎ።»

«እንግዲያ የኋላውን ደጅ ያውቀዋል፤ ውሻውም እሱን ያውቀዋል። የፊቱን ማን አይቶለታል? እኛ አገር እኩል መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ወደ ተነሳበት ነው የሚመለሰው።»

«ይህ እኮ ሒሳብ ያወቀ ሁሉ የተስማማበት ነው። እኩል ከሆነ ወደ ላይ ይባላል።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ስምምነት ከሆነ፣ አባቴ በእርግጥም አልተጠየቀም።

«አባባ» አልኩ፣ «መንገደኛዋ ራሷ መሄድ ብትፈልግስ?»

ዞሮ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን እመርጥ ነበር። «የኔ ልጅ፣ መሽቷል» አለኝ። ግማሿን ባቄላ ከአመዱ አንስቶ እፍ ብሎ አራገፋትና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። እናቴ ፊቷን ወደ ጓዳ አዞረች። መምህሩ ሦስቱንም ቤቶች በመዳፉ ደለደላቸው።

በላኋት። ምን ላድርጋት።

ውቤ ተማረ፤ መነጽር አደረገ፤ ደመወዝም በላ። መምህር ገለታ ከጥቂት ክረምት በኋላ ተዛወረ። እኔ ዘንድ የቀረው ተረቱ ነው። በሠርግ ቤት፣ በማኅበር፣ በደቦ ላይ አወራዋለሁ፤ ባወራሁት ቁጥር መንገደኛዋን ሌላ ቦታ አሳድራታለሁ። አንዳንዴ ሞጣ ትገባና የሞጣን ሰው በሳቅ ትፈጀዋለች። አንዳንዴ ጅብ ይገጥማትና ጅቡ ራሱ መንገድ ጠፍቶበት ይጠይቃታል። አንድ ጊዜ ደግሞ እዚያው እኩል መሐል ላይ ጎጆ ቀለሰች፤ ከወዲህም ከወዲያም የመሸበት ሁሉ እሷ ዘንድ ያድር ጀመር። ይህኛውን ሳወራ አባቴ በሕይወት ነበር። «የማን መሬት ላይ ነው የሠራችው?» አለኝ።

አባቴን አልተቀየምኩትም ብል ውሸት ነው፤ ተቀይሜዋለሁ ብልም አይሞላም። ከገማች ሊጠብቀኝ የፈለገ ሰው ራሱ ገመተኝ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ የተጠጋጋ ቁጥር አላምንም። የቀበሌው ሊቀ መንበር «በስብሰባው ሁለት መቶ ያህል ሰው ተገኝቷል» ሲል እጄን ሳላወጣ ያውቀኛል። «እማማ አለሚቱ፣ ሁለት መቶ አራት ነበሩ፤ አራቱን ጥለናቸዋል» ይላል፣ አዳራሹም ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ሰው ማሳቅ ሥራዬ ነውና የራሴ ተራ ሲደርስ አልሰስትም። ግን የአራቱን ስም ቢነግረኝ ደስ ይለኝ ነበር።