የቤት ቁጥር የነበራት ፒክአፕ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ሾላ ገበያ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። የዚያን ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን መኪና ባስነሳሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

አመሌ የወዳደቀ ፒክአፕ ከየጓሮው ፈልጎ ማደስ ነበር። አዲስ መኪና የሚታሰብ አልነበረማ። አንድ ቀን እንጨት የምትሸጥ ሴት፣ "ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባህር ዛፉ ሥር አንዲት አሮጌ መኪና ቆማለች" አለችኝ። እሁድን ጠብቄ ዳገቱን ወጣሁ።

እውነትም አለች። ጎማዎቿ በድንጋይ ታግደዋል። የጭነት ቦታዋ ላይ የቆርቆሮ ክፍል ተሠርቶ ከኋላ የእንጨት በር ገብቶለታል። በሩ ላይ በቀይ ቀለም የቤት ቁጥር ተጽፏል።

ከውስጥ ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ሽማግሌ ብቅ አሉ። የአንድ ኮንትራክተር ዘበኛ ነበሩ። ሰውየው አገር ጥሎ ሲሄድ መኪናዋን ከነሊብሬዋ ትቶላቸዋል።

"ጋሽ ወልዴ፣ ይሽጡልኝ" አልኳቸው።

"እኔስ በወደድኩ ልጄ። ቀበሌ ቤት ነው ብሎ መዘገበብኝ እንጂ።"

ለካ መዝጋቢዎቹ ሲዞሩ፣ በርና ጣሪያ አለው፣ ሰው ያድርበታል ብለው ቁጥር ጽፈውበት ሄደዋል። ይባስ ብሎ እሳቸው "ብርዱ ጉልበቴን ጨረሰው፣ የቀበሌ ቤት ስጡኝ" ብለው ቢያመለክቱ፣ "እርስዎማ ቤት አለዎት" ተባሉ።

አብረን ቀበሌ ሄድን። ሊቀመንበሩ መዝገቡን ገልጦ አየና ኮስተር አለብኝ።

"ቤት ነቅለህ ልትወስድ ነው?"

"መኪና ነው እኮ ጓድ ሊቀመንበር።"

"መኪና ከሆነ ይሂዳ! ኮሚቴው ባለበት በራሱ ሞተር ከሄደ መኪና ነው። ካልሄደ ግን በኮሚቴው ላይ በማሾፍ ትጠየቃለህ።"

በዚያን ጊዜ "ትጠየቃለህ" ማለት ቀልድ አልነበረም። ሁለት ወር ሙሉ እሁድ እሁድ እየወጣሁ ሠራኋት። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ካርቡሬተሩን አጠብኩ፣ ባትሪ ተዋስኩ። ሐሳቤ ሁሉ ሞተሩ ላይ ነበር።

በቀጠሮው ጠዋት ኮሚቴውም የሰፈሩም ሰው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ መዝገቡን በብብቱ ይዟል። ጋሽ ወልዴን ይውረዱ ብላቸው እምቢ አሉ።

"ቤት ከሆነ ቤቴ ነው፤ መኪና ከሆነ ተሳፋሪ ነኝ" ብለው በራቸውን ዘጉ።

ሞተሩ ሦስቴ አስሎ ተነሳ። ሰው አጨበጨበ። ድንጋዮቹን አስነስቼ ማርሽ አስገባሁ። አሥር እርምጃ ያህል እንደሄደች ሊቀመንበሩ፣ "በቃ፣ አቁም!" አለ። ፍሪሲዮኑንና ፍሬኑን አንድ ላይ ረገጥኩ። ፍሬኑን የረገጠው እግሬ ወለል ነካ። ምንም የለም።

ቁልቁል ተለቀቅን። እኔ መሪውን ጨብጬ "ዞር በሉ!" እላለሁ፤ ኮሚቴው ከኋላ እየሮጠ "አቁም!" ይላል፤ ጋሽ ወልዴ ቆርቆሮውን እየደበደቡ ሚካኤልን ይጠራሉ። ድስትና ማንቆርቆሪያቸው ሲንኳኳ ይሰማኛል። ዳገቱ ሥር ያለውን ድልድይ አልፈን፣ ማዶ አንድ የከብት መኖ ነጋዴ የከመረው ጭድ ውስጥ ተሰንቅረን ቆምን።

ጋሽ ወልዴ ጭድ ለብሰው በደህና ወጡ። እኔ ግን መታሰሬ ነው አልኩ።

ድልድዩ ለካ የሁለት ቀበሌ ወሰን ኖሯል። የማዶው ቀበሌ ሊቀመንበር ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። የኛውም እያለከለከ ደረሰና፣ "ቤታችን ነው፣ እንመልሰዋለን" አለ።

የማዶው ሊቀመንበር በሩ ላይ ያለውን ቁጥር አየ። "በኛ መዝገብ እንዲህ የሚባል ቤት የለም" አለው። "ደግሞስ ቤት ድልድይ ይሻገራል እንዴ?"

የኛው መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ቁጥሯን ሰረዘና ከጎኑ "ፈርሷል" ብሎ ጻፈ።

"እንግዲያው ቤት የለኝም!" አሉ ጋሽ ወልዴ፣ ጭዱን ከራሳቸው ላይ እያራገፉ። ደስ ብሎት "ቤት የለኝም" ያለ ሰው ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

በወሩ አንዲት የቀበሌ ክፍል ተሰጣቸው፤ እኔም መኪናዋን ከእሳቸው ገዛሁ።

አሁን ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ከሳቁ በኋላ ግን፣ ድልድዩ ላይ ሰው ቢኖርስ ኖሮ እላለሁ። ከዚያ ወዲህ ስንት አሮጌ ፒክአፕ አድሻለሁ፤ ፍሬኑን ሳልሠራ ሞተሩን የነካሁት ግን አንድም የለም።